በሞንታርቦ ያልተባለው ቃል

ተስፋነሽን በመልክ የሚያውቃት ጥቂት ነው፤ ድምፅዋን ግን ከጅማ እስከ ሰኮሩ የማያውቅ የለም። ጅማ፣ ቦሳ አዲስ ሰፈር ካለው ቤቷ ወጥታ ሽንኩርት ስትገዛ ማንም ልብ አይላትም። «ኪሎው ስንት ነው?» ያለች እንደሆነ ግን ባለሱቁ ሚዛኑን ትቶ ቀና ይላል፤ «አንቺ ነሽ እንዴ?» ይላታል። አዎ፣ እሷ ናት። የሳሙናው፣ የሰርግ ዕቃ ኪራዩ፣ የጠፋው መታወቂያ፣ የአዲሱ ፀጉር ቤት ድምፅ እሷ ናት። የማስታወቂያ ሠሪው የሙኒር ፒክአፕ ትልቁን ድምፅ ማጉያ፣ ሞንታርቦውን፣ ጣራው ላይ ጭኖ በየገበያው ሲዞር፣ ከዚያ ውስጥ እየወጣች አገሩን የምትሞላው እሷ ናት።

አባቷ ከዱራሜ ለቡና ለቀማ መጥቶ እዚሁ የቀረ ሰው ነበር። እሷን ያሳደጓት የቸርቿ መዘምራን ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሙኒርም ያገኛት እዚያው ነው። የተበላሸ ድምፅ ማጉያ ሊጠግን ገብቶ፣ ሽቦውን በጥርሱ እንደነከሰ ስትዘምር ሰማት። ሥራውን ሲጨርስ ለቸርቹ ሽማግሌዎች «ጌታችሁ ካልተቀየመ ይህችን ልጅ ለገበያ ቀን አውሱኝ» አላቸው። እነሱም ስቀው አዋሱት። ይህ ከሆነ ብዙ ዘመን አልፏል፤ እስከ ዛሬ አልመለሳትም።

የእሷ ማስታወቂያ እንደ ሌላው ሰው ጩኸት ብቻ አይደለም። ፍራሽ ነጋዴ ቢቀጥራት «እንቅልፍ እምቢ ካለህ ጥፋቱ ወይ የኅሊና ነው ወይ የፍራሽ። ፍራሹን ለኛ ተወው» ትላለች፤ ገበያተኛው እየሳቀ ወደ ሱቁ ያዘነብላል። መኪናው ከመነሳቱ በፊት ገበያው መሀል ገብታ ትቀመጥና ሰው እንዴት እንደሚያወራ ታዳምጣለች፤ ከዚያ በራሱ አፍ መልሳ ትነግረዋለች። እንዲህ ያለች ሴት በአንዲት ቃል ትስታለች ብሎ ማን ይጠረጥራል? ሳተች እንጂ።

ሰርቦ ገበያ ላይ የምትቀመጠው ምንጊዜም ከሀያት ዘንድ ነው። ሀያት ኮረሪማና ዝንጅብል ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ወዲህ አንድ ልጇን ሳቢሪንን ብቻዋን አሳድጋ የዳረች፣ ምላሷ የተሳለ፣ እጇ የማያርፍ ሴት ናት። አንዷ «ጌታ ይባረክ» ትላለች፣ ሌላዋ «አልሐምዱሊላህ»፤ በቀረው ነገር ሁሉ ግን አንድ ናቸው። ተስፋነሽ የናት ልጅ እህት የላትም። «ብትኖረኝስ ከሀያት በላይ ምን ልታደርግልኝ?» ትላለች።

በጥቅምት፣ ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ አንድ የሴቶች ጤና ማኅበር ሙኒርንና ተስፋነሽን አስጠራቸው። ስለ ጡት ካንሰር ዘመቻ ሊያካሂድ ነው። ለዚህም ሊዮል የሚባል ወጣት የማስታወቂያ ባለሙያ ከአዲስ አበባ አስመጥቷል። ሊዮል ይዞት የመጣው ሁሉ ሮዝ ነው፤ ቲሸርቱ ሮዝ፣ ለገበያ ሴቶች የሚታደለው ጃንጥላ ሮዝ፣ የባጃጁ ሸራ ሮዝ። «ክሬዬቲቭ መሆን አለብን። ሰው ፖስተር አያነብም፤ ልቡ ላይ የሚቀር ነገር ነው የሚፈለገው» ይላል። ልጁ ሥራውን ያውቃል፤ ማማት አይገባም።

እሱና ተስፋነሽ አብረው አንድ የቡና መጋዘን ሄዱ። ሴቶቹ ተሰልፈው ተቀምጠው ቡና ይለቅማሉ። ወሬያቸው ስለ ሌላ፣ ዓይናቸው ሌላ ቦታ፣ እጃቸው ግን ከቡናው መሀል ጠጠሯን እየነጠለ ይጥላል። ተስፋነሽ ጥቂት አየቻቸውና ወደ ሊዮል ዘወር ብላ እንዲህ አለች፦ «ስለ ጡት ካንሰር ነው የምነግርሽ። ከቡናው መሀል ጠጠሩን ሳታይ የምታገኝ እጅ፣ ከጡትሽም ታገኘዋለች። ዳብሺው። ጠጠር ካለ ሳትውዪ ሳታድሪ ሂጂ።»

ሊዮል አስደገማት። «ይሄ አዋርድ ይበላል» አለ፣ ስልኩ ላይ እየቀዳ። ያ ንግግር እንደወጣ ቢቀር ኖሮ ይህን ታሪክ የሚያወራው ባልኖረ ነበር።

በማኅበሩ አዳራሽ ጽሑፉ ሲነበብ መጀመሪያ የተናገረችው ኃላፊዋ ሲስተር ንግስት ናት። ስንቱን እናት በእጇ ያዋለደች ደግ ሴት ናት፤ ክፋት አታውቅም። «ካንሰር የሚለው ይውጣ» አለች። «ካንሰር ከተባለ ሰው ሞቴ ደረሰ ብሎ ቤቱ ይተኛል እንጂ አይመጣም። ነቀርሳ እንበለው።» ጥሩ ሐሳብ ተባለ። ቀጥሎ አንድ የኮሚቴ አባል ጉሮሮውን ጠራረገና «ዳብሺው የሚለው በገበያ መሀል እንዴት ይሆናል? ጎረምሳ ሁሉ ሊስቅበት ነው» አለ። እሱም ወጣ። ዳብሺው ሲወጣ ጠጠሩ ተከትሎት ወጣ፤ ጠጠሩ ከሌለ ቡናው ምን ይሠራል፣ እሱም ወጣ። አሁን የቀረው «ጡት» የሚለው ነው። እዚያ ላይ ሲደርሱ ሁሉም ወረቀታቸውን ያገላብጡ ጀመር።

ይህ ቃል በየቤቱ በቀን ስንት ጊዜ ይባላል። ጡት አጥቢው እንላለን፣ ጡት አስጥይው እንላለን። ስንጣላ እንኳ «የእናት ጡት ነካሽ» ተባብለን እንሰዳደባለን። ለስድብ ሲሆን ያላሳፈረን ቃል ለመድኃኒት ሲሆን አሳፈረን።

«ሐጂ ሸኩር ይህን በሞንታርቦ ከሰሙ ከሰርቦ ገበያ ያባርሩናል» አለ ሙኒር። ሐጂ ሸኩር የገበያው ትልቅ ሰው ናቸው፤ ሚዛን ያጣላው ሁሉ የሚታረቀው እሳቸው ፊት ነው። ምን ይሉን ብሎ የፈራቸው ሰው አዳራሽ ሙሉ ነበር፤ ሄዶ የጠየቃቸው ግን አንድም የለም።

ያን ጊዜ ነው ተስፋነሽ «ደረት ብንለውስ?» ያለችው።

ክፍሉ ቀለል አለው። ሊዮል ብቻ ራሱን አከከ። «ግን ሰው ይገባዋል?» አለ።

«ጨዋ ሰው እንዲህ ነው የሚለው» አለችው። «እናቴም ስለ ራሷ ስታወራ ደረቴ ነበር የምትለው። አንተ የአዲስ አበባ ልጅ ሆነህ ነው።» ሁሉም ሳቁ፤ ሊዮልም አብሮ ሳቀ። በኦሮምኛውም ጡት ማለት የሆነው ሀርማ ወጥቶ ቆማ፣ ደረት፣ ገባ። የቀረውም ይህ ሆነ፦ «እናቶች፣ እህቶች! የደረት ነቀርሳ ቀድሞ ከተደረሰበት ይድናል። ሳትዘገዩ ተመርመሩ። ምርመራው በነጻ ነው!»

እንግዲህ ነቀርሳ በእኛ አፍ ሁለት በሽታ ነው። ካንሰርንም ነቀርሳ እንላለን፤ ሳል የሚያስለውን፣ አክታ የሚያስተፋውን ቲቢንም የሳንባ ነቀርሳ እንላለን። የትኛው እንደሆነ የሚለየው ከፊቱ የሚቆመው ቃል ብቻ ነው። «የደረት ነቀርሳ» ሲባል ከሰኮሩ እስከ ጅማ ያለ ሰው የሚያስበው ያንኑ የሳሉን ነው። በዚያ አዳራሽ ውስጥ የተማረም ያልተማረም ነበር፤ አንዱም አላሰበውም። ተስፋነሽም የዚያን ዕለት ገበያ መሀል ሳትቀመጥ ተናገረች።

ድምፅዋ ተቀዳ፣ በፍላሽ ተጫነ፣ መኪናው ዞረ። እንዴት ያለ ዘመቻ ሆነ! ሕፃናቱ «ሳትዘገዩ ተመርመሩ» እያሉ ገመድ ይዘሉበት ጀመር። አንዱ ባለባጃጅ የስልኩ ጥሪ አደረገው። ሴቶቹም ወጡ። ቡና ለቀማውን ለግማሽ ቀን እየተዉ፣ በሮዝ ጃንጥላ ተከልለው፣ በየክሊኒኩ ደጅ ተሰለፉ። ሲስተር ንግስት ደስታ እንቅልፍ ነሳት። ሁሉም እየሳቀ ይገባል፣ እየሳቀ ይወጣል። ካንሰር ሊመረመር ገብቶ እንዲህ ሁሉም የሚስቅበት አገር የት አለ ብሎ የጠየቀ አልነበረም።

በአንዱ የገበያ ቀን፣ የተቀዳው ድምፅዋ ከጣራው ላይ እየጮኸ ሳለ፣ ሀያት ከመኪናው ጀርባ ጠራቻት።

«ተስፌ፣ ያ የምትይው በሽታ፣ እንዲህ ጠጠር ነገር ያደርጋል?» አለች። እጇን ወደ ሻርፗ ሥር ልካ ወዲያው መለሰችው።

ተስፋነሽ ደነገጠች። «ያምሻል?»

«ወላሂ አያምም። ባያመኝ ነው እኮ ዝም ያልኩት።»

«አሁኑኑ ሂጂ! ከገበያው ጀርባ ያለችው ክሊኒክ ትመረምራለች። ማስታወቂያውን ሰምቼ ነው የመጣሁት በያቸው።» አብሬሽ ልሂድ ልትላት አስባ ነበር። ሙኒር ክላክስ አደረገ፤ ሰኮሩ መድረስ ነበረባቸው። ስትሄድ ዞር ብላ አየቻት፤ ሀያት ኮረሪማዋን ለጎረቤቷ አደራ ሰጥታ፣ ሮዟን ጃንጥላ ይዛ ወደ ክሊኒኩ ታዘግማለች።

ያን ሳምንት ተስፋነሽ እህል አልጣማትም። ባሏ ማርቆስ «ምን ሆነሻል?» ቢላት «ጸልይ» ብቻ አለችው። የሚቀጥለው ገበያ ሲደርስ መኪናው ሳይቆም ዘላ ወረደች። ሀያት ከሩቅ አይታት ሳቀች።

«ነጻ ነሽ አሉኝ! ምንም የለብሽም አሉኝ!»

ተስፋነሽ አቅፋት አለቀሰች። ሀያትም ለምስጋና ፍየል አሳርዳ፣ ጎረቤቱን ጠርታ፣ ሶደቃ አወጣች፤ ዱዓ ተደረገ። ለተስፋነሽ ሥጋ የሌለበት ለብቻዋ ተሠርቶላት አብራ ዋለች። እርጉዟ ሳቢሪንም ሆዷን ታቅፋ እንግዳ ታስተናግድ ነበር። ከቤቱ ደስታ የጎደለ ነገር አልነበረም፤ ጠጠሩም በቦታው ነበር።

ኅዳር አለፈ፣ ታኅሣሥ ገባ። ቡናው ተለቅሞ አለቀ። ሀያት ቅርጫቷን በግራ ትከሻዋ ማዞር ተወች። ሻርፗን አጥብቃ መጠቅለል አበዛች። ፊቷ ሲከሳ «ልጄ ስለወለደች እንቅልፍ አጥቼ ነው» አለች፤ የሳቢሪን ልጅ በእርግጥም ሌሊቱን ሙሉ ያለቅስ ነበርና ሰው አመናት። ተስፋነሽም አመነቻት። ልቧ ግን አልተኛም። መኪናው ሰርቦ ሲደርስ የገዛ ድምፅዋን ስትሰማ ጆሮዋን ትሸፍን ጀመር፤ ለምን እንደሆነ ለራሷም አልገባትም። ሙኒርን «ቀንስልኝ» ትለዋለች። እሱም «የራስሽን ድምፅ ጠላሽ?» እያለ ይቀልድባታል።

በጥር አንድ የገበያ ቀን፣ ሀያት የዝንጅብል ጆንያ ልታነሳ ጎንበስ አለችና እንዳጎነበሰች ቀረች። ተስፋነሽ ደግፋ አስቀመጠቻት።

«እንደገና ብትታዪ ምናለ?»

«ምኔን? ነጻ ነኝ እኮ።» ሀያት ላቧን ጠርጋ ሳቀች። «የዚያን ቀን ደግሞ አልነገርኩሽም፤ ሳል እንኳ ሳይኖርብኝ ነርሷ ትንሽ ዕቃ ሰጥታኝ አክታ ትፊ አትለኝም? ከየት ላምጣ? በግድ አስዬ አስዬ ሰጠኋት።»

ተስፋነሽ ፊቷ አመድ ሆነ። «አክታ?»

«ኤዬ፣ አዎ። የደረት አይደል?»

«ጡትሽን አላዩሽም?»

ሀያት ግራ ቀኝ አየች። «ቀስ በይ እንጂ! ጡቴን ምን አግብቶት? ስለ ጠጠሩ ልነግራት አፌን ስከፍት አንድ ወንድ ገባ፤ አፈርኩና ተውኩት። ደግሞ ላቦራቶሪ አይቶታል፤ እኔ ከማሽን ላውቅ ነው?»

በነርሷ መፍረድ አይቻልም፤ ማኅበሩ ለክሊኒኮቹ የላከው ደብዳቤም የሚለው ያንኑ ቃል ነበር። «የደረት ነቀርሳ» ብላ ለመጣች ሴት የሚታዘዘውን አዘዘች። ከሷ በፊት የተሰለፉትም፣ ከሷ በኋላ የመጡትም ያንኑ አደረጉ። ተስፋነሽ ያ ሁሉ ሳቅ ምን እንደነበር አሁን ገባት። ያ ሁሉ ሴት አክታውን ሰጥቶ፣ ነጻ ተብሎ፣ ደረቱን ይዞ ቤቱ ገብቷል።

«ሀያት፣ ጡት ማለቴ ነበር» አለቻት። «ጡት ላለማለት ነው ደረት ያልነው። የተመረመርሽው ሌላ በሽታ ነው።»

«የትኛዋን ልመን?» አለች ሀያት። «መኪናው ላይ ያለችውን ተስፋነሽ ነው ወይስ ይህችን?»

«ይህችን።»

«አይሆንም፣ ኦቦሌቲ፣ እህቴ። ሶደቃዬን አውጥቻለሁ። አመስግኜ ጨርሻለሁ። አሁን ተመልሼ ለአላህ ምን ልበለው፣ ያ ምስጋና ቀረ ልበለው?» ፊቷን ወደ ኮረሪማዋ መለሰች። ተስፋነሽ ለመነች፣ ተቆጣች፣ አለቀሰች፤ የሀያት አንገት አልዞረም። ከመኪናው ጣራ ላይ ደግሞ የራሷ ድምፅ ምርመራው በነጻ ነው ይላል።

በማግስቱ ማኅበሩ ቢሮ ገብታ ሁሉንም ነገረቻቸው። ሲስተር ንግስት እየሰማች ቀለሟ ተለወጠ፤ ነርስ ናትና ነገሩ ለማንም ሳይገባ ገብቷታል። ቢሆንም «ተስፋነሽዬ፣ ከአዲስ አበባ እንግዶች ዘመቻውን ሊጎበኙ እየመጡ ነው» አለች። «አሁን ብንለውጠው እስካሁን ምን ስትሉ ነበር አይሉንም? እንግዶቹ ይሂዱና ቀስ ብለን እናስተካክለዋለን።»

«ሲስተር፣ ጠጠሩ እንግዶቹ እስኪሄዱ ይጠብቃል?»

ሲስተር ንግስት ዓይኗን ወደ መስኮቱ መለሰች። ደግ ሰው ሲፈራ እንደዚህ ነው፤ አይዋሽም፣ አይናገርም።

የሚቀጥለው የሰርቦ ገበያ ሲደርስ ተስፋነሽ ፍላሹን ከማጫወቻው ነቅላ ማይኩን አነሳች። ሙኒር ገባው። «ሥራችንን ልታስበዪን ነው» አለ፤ ጥቂት አሰበና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፈተው። «ካልሽ አይቀር ይሰማ።»

«እናቶች፣ እህቶች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ» አለች። «እኔ ተስፋነሽ ነኝ። እስካሁን ደረት ያልኳችሁ ጡት ነው። ጡት! አክታ ሰጥታችሁ ነጻ የተባላችሁ፣ የተመረመራችሁት ስለ ሌላ በሽታ ነው። ጡታችሁን ዳብሱት። ጠጠር ያለው ነገር ካገኛችሁ፣ ባያማችሁም ሂዱ። ሀርማ ነው የምላችሁ፣ ሀርማ።»

የሚከራከረው መከራከሩን፣ የሚመዝነው መመዘኑን ተወ። አንድ ጎረምሳ ሊስቅ ጀምሮ የሚከተለው ሲያጣ አቆመ። ከዚያ ሕዝቡ ግራና ቀኝ መንገድ ለቀቀ፤ ሐጂ ሸኩር ከዘራቸውን ተደግፈው ወደ መኪናው መጡ። ተስፋነሽ ወርዳ ከፊታቸው ቆመች።

«አንቺ ነሽ የተናገርሽው?»

«እኔ ነኝ፣ አባቴ። ይቅር ይበሉኝ።»

«ከጥቅምት ጀምሮ ደረት ስትሉ የነበራችሁት ይህን ነው?»

«አዎ። እርስዎን ፈርተን ነው።»

ሽማግሌው ከዘራቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «እኔን? ማሊፍ ሳትጠይቁኝ? ለምን?» ወደ ሕዝቡ ዞሩ። «ጡት ሳይጠባ ያደገ እዚህ ማን አለ? ካለ ይምጣና እሱ ይፈር።» ተቆጥተው ነበር፤ ቁጣቸው ግን ሙኒርና ተስፋነሽ ሲፈሩት የኖሩት ዓይነት አልነበረም። «ሴቶቻችንን በአክብሮት ልትገድሉልን!» አሉ።

ያን ጊዜ ሴቶቹ ወደ ክሊኒኩ አልሄዱም። አንዲት አንዲት እያሉ ከመኪናው ጀርባ መጡ፤ እያንዳንዷ ወደ ተስፋነሽ ጆሮ ተጠግታ፣ «እኔም ነጻ ነሽ ብለውኝ ነበር» እያለች፣ እጇን ወደ ነጠላዋ ወይ ወደ ሻርፗ ሥር ትልካለች። ተስፋነሽ ስንቷን እንደሰማች አታውቅም።

ሀያት ከሁሉም ኋላ መጣች፤ የመጣችው ግን ወደ ሐጂ ሸኩር ነው። «ሐጂ፣ እኔ ድኛለሁ ብዬ ሶደቃ አውጥቻለሁ። ብመለስ አላህን መክሰስ አይሆንብኝም?»

«ሶደቃ የመዳን ደረሰኝ አይደለም፣ ልጄ» አሏት። «ያመሰገንሽው ተቀምጦልሻል። ነገ በጠዋት ሂጂ።»

ጅማ፣ ሆስፒታል ተመላልሰው፣ ናሙና ተወስዶ፣ ውጤቱ መጣ። ዶክተር አሚራ ወጣት ናት፤ ሀያትን እናቴ እያለች ነው የምታናግራት። በሽታው ጡቷ ላይ ብቻ እንዳልቀረ፣ ወደ ብብቷ እንደዘለቀ ቀስ ብላ ነገረቻት። ቀዶ ጥገና አለ፣ መድኃኒት አለ፣ ይጀመራል፤ ያኔ በጥቅምት ቢሆን ኖሮ ግን ነገሩ ሌላ ነበር። ይህን ስትል ሐዘኗ ወደ ቁጣ ተለወጠባት።

«እናቴ፣ እስካሁን ምን ሲጠብቁ ነበር? ማስታወቂያ አልሰሙም? ስንት ወር መኪና ሲዞር ነበር እኮ።»

ተስፋነሽ አፏን ከፈተች። ሀያት ጉልበቷን በጣቷ ጫን አደረገቻት።

«አልሰማሁም የኔ ልጅ» አለች ሀያት። «ገበያ ነው፤ ጫጫታ ነው።»

ዶክተሯ ተነፈሰች። «ሴት ልጅ አለዎት?»

«አንዲት አለችኝ። አራስ ናት።»

«እሷም መታየት አለባት። ዛሬውኑ ይንገሯት።»

ከክፍሉ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ተስፋነሽ እንባዋ ይወርዳል፤ «ለምን አልሰማሁም አልሻት?» አለች።

«ሰምቻለሁ ብላት አንቺንም ልትቆጣሽ ነው። እኔን መቆጣቷ ይበቃታል።» ሀያት ስልኳን ከጉያዋ አውጥታ አየችው፤ መልሳ ልትከት አለች። «ለሳቢሪን ደረቴን ነው የታመምኩት እላታለሁ። ሕፃን እያጠባች ነው፤ ከደነገጠች ወተቷ ይደርቅባታል።»

«እንዳታደርጊው፣ ሀያት። እኛም እኮ እንዲሁ ሰው እንዳይደነግጥ ብለን ነበር።»

ሀያት ስልኩን አቀበለቻት። ተስፋነሽ ደወለች። ከወዲያ የሕፃን ለቅሶ ተሰማ፣ ከዚያ የሳቢሪን ድምፅ።

«አክስቴ፣ እማዬን ምን አሏት?»

«ሳቢሪን፣ እናትሽን ያመማት ጡቷ ነው። ካንሰር ነው። ሕክምና ትጀምራለች። አንቺም መጥተሽ መታየት አለብሽ።»

ሳቢሪን አለቀሰች፤ ተስፋነሽ ጠበቀቻት። ስትረጋጋ የተናገረችው በእናቷ ድምፅ ይመስል ነበር።

«እኔማ ተመርምሬያለሁ እኮ፣ አክስቴ። ያኔ እርጉዝ ሳለሁ፣ ያንቺን ማስታወቂያ ሰምቼ ሄጄ፣ ነጻ ነሽ ብለውኛል።»